ዮቶር መጀመሪያ እንጀራ በላ

ጅማ ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ያደግኩት እዚሁ ፈረንጅ አራዳ ነው፤ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ግን 14 ዓመት ኖሬያለሁ፣ እዚያም የቤተ ክርስቲያናችንን የወጣቶች አገልግሎት ስመራ ነበር። እዚህ እንደደረስኩ ሽማግሌዎቹ ያንኑ ኃላፊነት ሰጡኝ። ያው አገልግሎት ነው፣ ምን ይለያል ብዬ ገባሁበት። ይለያል።

እዚያ አዳራሹን የምንከራየው በሰዓት ነው። ግማሹ ሰው ከሥራ በቀጥታ ይመጣል፣ ግማሹ ለሌሊት ፈረቃ ይቸኩላል። ስለዚህ አጀንዳው በቴሌግራም ቀድሞ ይላካል፣ 12 ሰዓት ተጀምሮ 1 ሰዓት ላይ ያልቃል። እኔም በተፈጥሮዬ ፈጣን ነኝ፤ መወሰን፣ ሥራ ማከፋፈል፣ መጨረስ እወዳለሁ። እዚያ ይህ የሰውን ድካም ማክበር ነው። ስብሰባ ያራዘመ ሰው የሌላውን እንቅልፍ ነው የሚወስደው።

ጅማ ላይ ያው ጠባዬ ሰው አስቀየመ። በሁለተኛው ስብሰባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለ ክረምቱ መርሐ ግብር ስንነጋገር፣ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ አንዲት እናት ስለታመመ ልጅ ማውራት ጀመሩ። "እትዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ አጀንዳው እንመለስ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ያቀረብኩት ሁሉ "እሺ"፣ "እንጸልይበት" እየተባለ አለፈ፤ በኦሮምኛ ጸልየን ተለያየን፣ እኔም ተስማሙ ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ካከፋፈልኩት ሥራ አንዱም አልተነካም።

የነገሩኝ አንድ ጋሼ ናቸው። ቤት መጡ፣ ቡና ተፈላ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። በረካው ላይ ነው "ልጄ፣ ሥራ ታውቃለህ። ግን እትዬ ያነሱት ልጅ እኮ የእኛው ዘማሪ ነው" ያሉኝ። በጣም አመመኝ። ለካ አጀንዳው እሱ ነበር።

ዘጸአት 18ን መልሼ አነበብኩ። የሙሴን አማት ዮቶርን ስንጠቅስ ሁሌ የምናነሳው ሙሴ ሥራውን እንዲያካፍላቸው የመከረውን፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን ነው፤ እኔም ለአመራር ሥልጠና ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ዘልዬው ኖሯል። ዮቶር ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ከሙሴ ጋር ደኅንነት ተጠያየቁ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንጀራ በላ፣ በማግስቱ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አየ። ሲናገርም በጥያቄ ነው የጀመረው።

እትዬን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ልጁንም አብረን ሄደን አየነው። አሁን ከስብሰባ በፊት ታላላቆቹን በየቤታቸው እጠይቃለሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚነገር ነገር አዳራሽ ውስጥ አይነገርም። ጠባይህን እንዳለ ጣለው የሚሉኝ ግን አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ገቢና ወጪውን፣ ማን ምን እንደያዘ፣ በየወሩ ጽፌ አስነብባለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በተለይ ወደዱት፣ ተመርቀው ሲሄዱ ያልተጻፈ ሥራ አብሯቸው ይጠፋልና።

መስከረም ላይ እመለሳለሁ። እዚያም ለፈረቃ እየሮጠ የሚወጣ፣ ስለ ቤተሰቡ አንድ ቀን ጠይቄው የማላውቅ ወንድም አለ። ስብሰባውን አላራዝምበትም፣ እንቅልፉ ያሳዝነኛል። እስከ መኪናው ድረስ ግን ልሸኘው አስቤያለሁ።