የዝነኛ ሰው ታሪክ ያለ ፈቃዱም ይጻፍ

ቶድ ሎረን የሚባል አሜሪካዊ በ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ውስጥ አንድ ትንሽ አሳታሚ ድርጅት ከፈተ። ስሙ ሬቮሉሽነሪ ኮሚክስ ነው። ሥራው የሮክ ሙዚቀኞችን የሕይወት ታሪክ በሥዕል እየተረኩ በርካሽ መጽሔት ማውጣት ነበር። በጋንስ ኤንድ ሮዝስ ጀመረ። ሜታሊካ፣ ቦን ጆቪ፣ ሮሊንግ ስቶንስ እያለ ቀጠለ። ድርጅቱ የቆየው 5 ዓመት ብቻ ነበር። ሎረን የተሟገተለት ነገር ግን ዛሬም ተሟጋች ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

ሎረን ማንንም አላስፈቀደም። ባንዶቹንም ሆነ ሥራ አስኪያጆቻቸውን ደጅ አልጠናም። ይህንንም አልደበቀም። «ያልተፈቀደ፤ በዚህም እንኮራለን» የሚል መፈክር ነበረው። የጋንስ ኤንድ ሮዝስ ጠበቆች እንከሳለን ብለው ሲዝቱ፣ ዛቻው ራሱ ለመጽሔቱ ማስታወቂያ ሆነለት። እትሙ አለቀ፤ ደጋግሞ ታተመ።

ዋናው ሙግት የመጣው በ1990 ነው። ያኔ ኒው ኪድስ ኦን ዘ ብሎክ የሚባለው የወጣቶች ባንድ አሜሪካን አሳብዶ ነበር። ቲሸርቱ፣ ፖስተሩ፣ አሻንጉሊቱ፣ የባንዱ ስም ያለበት ነገር ሁሉ በፈቃድ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ብዙ ነው። ሎረን ታሪካቸውን በኮሚክስ ሊያወጣ ሲል ተከሰሰ። ለከሳሾቹ ኮሚክሱም ከቲሸርቱ አይለይም፤ ስማችንንና መልካችንን ሳታስፈቅድ መሸጥ አትችልም ነው ነገሩ። የፌዴራል ዳኛው ጆን ሮድስ ግን በዚህ አልተስማሙም። ኮሚክሱ የሕይወት ታሪክ ነው፤ እንደ ማንኛውም ያልተፈቀደ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የመናገርና የመጻፍ ነጻነትን በሚያስከብረው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ይጠበቃል አሉ።

ይህ ውሳኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ቲሸርት ስለ ሰውየው ምንም አይነግረንም። ታሪክ ግን ይነግረናል፤ በሥዕል መቅረቡም ታሪክነቱን አያስቀርም። ወፍራም መጽሐፍ የሚጽፍ ምሁር ያለውን መብት፣ ለወጣቶች በርካሽ መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው የሚነፈግበት ምክንያት የለም።

መጽሔቶቹ ሁሉ ድንቅ ነበሩ አልልም። የአብዛኞቹ የውስጥ ገጽ ጥቁርና ነጭ ነው። አንዳንዱ ሥዕል ጥድፊያ ይታይበታል፤ ዘፋኙን በመልኩ ሳይሆን በፀጉሩ የምትለዩበት ጊዜ አለ። ያም ሆኖ ለጀማሪዎች በር ከፍቷል። በኋላ ሱፐርማንን የሳለው ስቱዋርት ኢሞነን ገና ስም ሳይኖረው እዚያ ሠርቷል።

ሰኔ 1992 ሎረን ሳን ዲዬጎ ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ ተገድሎ ተገኘ። ዕድሜው 32 ነበር። ገዳዩ እስካሁን ለፍርድ አልቀረበም። አባቱ ሐዘኑን ይዞ ድርጅቱን ተረከበ፤ ሥራው በ1994 እስኪቆም ድረስም አስቀጠለው። ልጁን የቀበረ አባት የልጁን መጽሔት ማሳተም መቀጠሉ ልቤን ይነካኛል።

«የሰው ስም መነገጃ መሆን የለበትም» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ያለ ፈቃድ መጻፍ ማለት እንደልብ መዋሸት ማለት አይደለም። በአሜሪካ ዝነኛ ሰው ስሜ ጠፋ ብሎ መክሰስ ይችላል። ጸሐፊው ውሸት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን አይሁን ደንታ ሳይሰጠው እንደጻፈ ከሳሹ ካስረዳ ያሸንፋል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1964 እና የ1967 ውሳኔዎች መስመሩን አስምረዋል። ጸሐፊ ሲዋሽ ይጠየቅ። ባለታሪኩ ስላልፈቀደ ብቻ ግን ዝም ይበል መባል የለበትም።

ዛሬ ነገሩ ዞሯል። ዝነኞች ክስ ውስጥ ሳይገቡ የራሳቸውን ታሪክ ራሳቸው ያሠራሉ። ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን በ2020 የወጣው ባለ 10 ክፍል ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ የጆርዳን የራሱ ኩባንያ እጁ ነበረበት። ፊልሙ መሳጭ ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ባለታሪኩ ቤት ተገብቶ የሚሠራ ታሪክ ስንት ነገር ያስቀራል? ተመልካቹስ የተቀነሰውን በምን ያውቃል? የተጣሉት የቡድን ጓደኞች፣ የተባረረው ሥራ አስኪያጅ፣ ገንዘቡን የተካደው ጊታር ተጫዋች፣ እነዚህ ሰዎች የሚደመጡት አብዛኛውን ጊዜ ባለታሪኩን ሳያስፈቅድ በሚጽፍ ሰው በኩል ነው።

ስለዚህ ዝነኞች ፊልማቸውን ይሥሩ፤ መብታቸው ነው። የሚያሳዩት ድርጅቶች ግን ባለታሪኩ ገንዘብ አውጥቶበት ወይም ከመታየቱ በፊት አጽድቆት ከሆነ፣ ይህንኑ ፊልሙ ሲጀምር በጉልህ ጽፈው ያሳውቁን።