ብሩን የት ግንባር ላይ ልለጥፍ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጎንደር ፒያሳ ጀበና ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ነበር። መጀመሪያ አራት ነበርን። አንዱ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ የጨረሰ ልጅ ነው። እሱ ሶፍትዌር እሠራለሁ ይላል፤ እኛ ስልክ ይጠግናል እንላለን፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንዷ ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ናት። ሦስተኛው ለሠርግ ሳውንድ ሲስተም የሚያከራይ ጎልማሳ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። ሂሳብ ከፋይም እኔ ነኝ፤ ዕጣ ስለወጣብኝ ሳይሆን ልማድ ስለሆነ።

ነገሩን የጀመረው ልጁ ነው። ስልኩን አወጣና «እስቲ እዩት» አለ። ካሜራውን ወደ ረከቦቱ አዞረ። ስክሪኑ ላይ ረከቦቱ ይታያል፣ ሲኒዎቹ ይታያሉ፣ መሬት የተጎዘጎዘው ቄጠማ ይታያል። ከሲኒዎቹ መሃል ደግሞ አንበሳ ቆሟል። ጎፈሩ ይርገበገባል። ልጁ ስልኩን ይዞ ሲዞር አንበሳውን በጎኑ አየነው፣ ቀጥሎ በጀርባው። አስጎብኚዋ «ውይ!» ብላ ልትነካው እጇን ዘረጋች። እጇ አንበሳውን አልፎ ሄዶ የእኔን ሲኒ መታው። ቡናዬ ፈሰሰ።

«ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል፣ ባጭሩ ኤአር» አለ ልጁ። «ቪአር የሚሉት መነጽር ዓይንህን ሸፍኖ ሌላ ቦታ ይወስድሃል። ይሄኛው የትም አይወስድህም። ያለህበት ቦታ ላይ ይጨምርልሃል።»

ሐሳቡ ትልቅ ነው። ለጥምቀት ሰሞን አንድ ኮንሰርት ይታየዋል። መድረኩ የፋሲል ግንብ ጀርባው ሆኖ ይተከላል። ሕዝቡ ስልኩን ሲያነሳ ከሰገነቱ ላይ መለከት ነፊዎች ይወጣሉ። ፈረሰኞች በሰው ራስ ላይ ይጋልባሉ። ማሲንቆው በተገዘገዘ ቁጥር ከድንጋዮቹ መሃል ወርቃማ ክር ይፈሳል። «የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክትም...» ብሎ ሳይጨርስ አስጎብኚዋ አቋረጠችው።

«እነሱን ተዋቸው! ለዘፈን ልታወርዳቸው ነው?»

ተዋቸው። ፈረሶቹን ግን አልተዋቸውም።

ሳውንድ አከራዩ ፈገግ አለ። «ይሄማ የድሮ ነገር ነው። ራፐሩን ቱፓክን ከሞተ በኋላ አሜሪካ መድረክ ላይ አስነስተውት የለ?»

ልጁ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። ቱፓክ የሞተው በ1996 ነው። በኮቼላ ፌስቲቫል ላይ «የታየው» በ2012። ያ ግን በስልክ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሥዕሉን መድረክ ላይ አዘንብለው በዘረጉት ቀጭን ፕላስቲክ ላይ አንጸባርቀው ነው። ዘዴው በ1862 ለንደን ውስጥ በመስታወት ሲሠራበት የነበረ ነው።

«1862?» አልኩ። «በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን?»

«በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን።» (የዘረዘራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ቀጥሎ ለንደን ያለውን የአባን ትዕይንት አነሳ። አባ የስዊድን ዘፋኞች ናቸው። በ2022 ለራሳቸው አዳራሽ አሠርተው የወጣትነት መልካቸው እንዲዘፍንላቸው አደረጉ። አምስት ሳምንት ሙሉ በ160 ካሜራዎች እንቅስቃሴያቸውን አስቀረጹ። ሰው ሆሎግራም ይለዋል እንጂ 65 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ግዙፍ ስክሪን ነው። «ይሄም ኤአር አይደለም» አለ ልጁ። «እውነተኛው ኤአር ጎሪላዝ የሚባለው ባንድ ያደረገው ነው። በ2022 ታኅሣሥ ላይ ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር፣ በማግሥቱ ለንደን ፒካዲሊ። ሕዝቡ አደባባይ ቆሞ ስልኩን አነሳ። የካርቱን ዘፋኞቹ ከሕንፃዎቹ በላይ ሆነው ተጫወቱ። ስልክ ላላነሳ ሰው ግን አደባባዩ ያው አደባባይ ነው።»

ሳውንድ አከራዩ ዝም ብሎ ሰማና «እኔ የምለው፣ አባ ጋ ከስክሪኑ ሌላ ማን አለ?» አለ።

«አሥር ሰው ያለው ባንድ በቀጥታ ይጫወታል።»

«በል እንግዲህ። ይሄን ሁሉ ፒክስል ደርድረውም ከበሮ መቺውን አላባረሩትም።»

ከዚህ በኋላ የልጁን ሐሳብ በሙያው ያጠቃው ጀመር። እውነት ለመናገር ሰውየው እንዲህ ያውቃል ብዬ አልጠበቅሁም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ከስፒከሩ 70 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከበሮውን የሚሰማው ከተመታ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ በኋላ ነው። «አንተ ፈረሱን በከበሮው ምት ታስረግጠዋለህ። ፊት ያለው ሰው እሰይ ይላል። ኋላ ያለው ግን ኮቴው ሲያርፍ ያያል፣ ድምፁ ገና መንገድ ላይ ነው። ሠርግ ላይ እንኳ ኋላ ያሉትን ስፒከሮች ሆን ብለን የምናዘገየው ለዚህ ነው።»

ልጁ አልተሸነፈም። ስልኩ ሰውየው ከመድረኩ ምን ያህል እንደራቀ ካወቀ ፈረሱንም በዚያው ልክ ማዘግየት ይቻላል አለ። ሰውየው አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ይቻላል።

«ሰው ግን ስልክ ይዞ እስክስታ አይመታም» አለ ቀጥሎ። ለዚህ መልስ አልነበረም።

ይሄን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሻማ እስክትፈልግ የቀረን የከሰሉ ፍምና የስልኩ ስክሪን ብቻ ነው። አንበሳው መንሸራተት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ እግሩ ሲኒ ውስጥ ገባ። ከዚያ ግማሽ አካሉ ረከቦቱ ውስጥ ሰመጠ። መጨረሻ ላይ ተነሥቶ በቀስታ ወደ ጣሪያው ሄደ። ሳቃችን መንገድ ድረስ ተሰማ።

ልጁ ሳያፍር አስረዳን። ስልኩ ቦታውን የሚይዘው ምልክት እየለቀመ ነው። የሲኒ ጠርዝ፣ የእንጨት ስንጥቅ፣ የቄጠማ ጫፍ፣ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ያለበት ነጥብ ሁሉ ይጠቅመዋል። እነዚያን ነጥቦች ከሥዕል ወደ ሥዕል ይከተላል። ውስጡ ያሉ የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ደግሞ ያግዙታል። ጨለማ ሲሆን ነጥቦቹ ይጠፉበታል። ነጭ ግድግዳ ላይም እንደዚያው ግራ ይገባዋል። የፋሲል ግንብ በቀን ተስማሚ ነው፤ ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው። በሌሊት፣ መድረኩ ላይ መብራት ቦግ እልም ሲል ግን መከራ ነው።

«ኮንሰርት ደግሞ የሚሆነው በሌሊት ነው» አለ ሳውንድ አከራዩ። በጨለማው ውስጥ ፈገግታው ተሰማኝ።

አዝማሪው የደረሱት ሻማው እንደበራ ነው። ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ማታ ማታ እዚያው አካባቢ ይጫወታሉ። መብራት ስለሌለ ሥራ ሳይጀምሩ ቡና ሊጠጡ ገቡ። ተነሣንላቸው። «ኧረ በማርያም፣ ተቀመጡ» አሉና ማሲንቆአቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙ። ቆዳው ከጣት ብዛት ጠቁሯል። የደጋኑን ጭራ ዕጣን ሲያስነኩት ትንሽ ነጭ ብናኝ ሱሪያቸው ላይ ወረደ።

ልጁ ጉዳዩን ከሥሩ አስረዳቸው። አባ የሚለው ላይ ሲደርስ «የየትኛው ገዳም አባ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ማንም ቁም ነገር ማውራት አልቻለም።

«ጋሼ፣ እርስዎንም እንዲያ መቅረጽ ይቻላል» አላቸው ልጁ። «አንዴ ይጫወታሉ፣ እኛ እንቀርጻለን። ከዚያ እርስዎ ቤትዎ ተኝተው ጎብኚው ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ያይዎታል። ምንጣፉ ላይ ቆመው ይዘፍኑለታል።»

«እሺ። ሲወድልኝ ብሩን የት ግንባር ላይ ይለጥፋል?»

ልጁ በሞባይል እንደሚከፈል ጀመረ። እሳቸው ግን የጠየቁት ስለ ብሩ ብቻ አልነበረም። ሲብራራልን እንዲህ ሆነ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ተመልካች ብቻ አይደለም። አዝማሪው ያየዋል። ኮቱን፣ አብራው ያለችውን፣ ፊቱ ላይ ያለውን ድካም ያያል። ከዚያ በግጥም ያነሳዋል። ሰውየው ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይወረውራል። አዝማሪው ተቀብሎ፣ አሳምሮ ይመልሳል። «እኔ የምጫወተው ፊት እያየሁ ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ ስልክ ካነሳ እኔ የማየው የስልክ ጀርባ ነው። ለስልክ ጀርባ ምን እላለሁ?»

ልጁ መነጽር ይመጣል አለ። በ2024 አፕል ያወጣውን ጠቀሰ፤ ዋጋው ሲጀመር 3,499 ዶላር ነበር።

«ዓይኑንም ጨርሰህ ልትሸፍንብኝ?» አሉ።

አስጎብኚዋ እስካሁን በአብዛኛው ዝም ብላ ነበር። አሁን ለልጁ ቆመች። እህቷ ዋሽንግተን ናት። የወንድማቸውን ሠርግ ያየችው በስልክ ነው፤ አንድ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ እየቀረጸላት። «እዚህ ላለነው ምንም ላይጨምር ይችላል» አለች። «ለእሷስ?» ልጁ ወዲያው ምሳሌ አገኘላት። በዚያው ኮቼላ፣ በ2022፣ ፍሉም የሚባል አውስትራሊያዊ ሲጫወት በቀጥታ ስርጭቱ ላይ ከመድረኩ በላይ ግዙፍ ወፎች ይታዩ ነበር። ሜዳው ላይ የቆሙት አላዩአቸውም። ያዩት ቤታቸው ሆነው የሚከታተሉት ናቸው።

«ተመልከት» አለችው ሳውንድ አከራዩን። «ለሩቅ ሰው ነው የተሠራው።»

ከዚያ ሌላም አነሳች። ጎንደር ነገሥታት ሲባል ሁሉም ፋሲልን ይላል። ግቢው ውስጥ ግን የዳዊት 3ኛ አዳራሽ አለ። ለጎብኚ «የዘፈን ቤት» እያሉ የሚያሳዩት። ዳዊት የነገሠው በፈረንጅ ከ1716 እስከ 1721 ነው፤ አምስት ዓመት። «ሰው ይገባል፣ ድንጋይ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወጣል። እዚህ ዘፈን ነበር ስላቸው በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስንት ዓመት ሙሉ በአፌ ብቻ ላቁመው? አንተ አንበሳህን ረከቦት ላይ ከምታቆም ለምን እዚያ የሚያዜሙ ሰዎች አታቆምልኝም?»

ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወር ሙሉ ስለ ፈረስ ሲያስብ ይህ አልመጣለትም።

እንግዲህ ዳኝነቱ ወደ እኔ ይምጣ፤ ሂሳብ የሚከፍል ሰው የመፍረድ መብት አለው። ሳውንድ አከራዩ በቴክኒኩ አሸንፏል። ፈረሱን ማዘግየት ይቻላል፣ ጨለማውንም አንድ ቀን መላ ይበጅለታል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ኔትወርክ ሲጨናነቅ ግን ሁሉም ፋይሉን ከቤቱ አውርዶ ካልመጣ የሚያየው የምትሽከረከር ክብ ብቻ ነው። እኔን የበለጠ ያሳመኑኝ ግን አዝማሪው ናቸው። ልጁ ኮንሰርት ላይ ሰውን ማስገባት፣ ማጥለቅ ይላል። አዝማሪ ቤት ሰውን ስም ጠርቶ ያስገባል። እዚያ ስልክ ማንሣት በር ላይ መጋረጃ እንደ መጋረድ ነው። በዚህ ጉዳይ ለልጁ አንድ እርምጃ እንኳ አልሄድለትም።

አስጎብኚዋ ያለችው ግን ሌላ ነው። የዘፈን ቤቱ ውስጥ ፊቱን የምንጋርድበት አዝማሪ የለም። ባዶ ነው። ቀን ነው፣ ብርሃን አለ፣ ድንጋዩ ሻካራ ነው፤ የስልኩ ነጥቦች አይጠፉም። ከድንጋይ በቀር የሚያየው የሌለው ሰው ስልኩን ቢያነሳ ማንንም አይጎዳም። ዋሽንግተን ላለችው እህትም እንዲሁ፤ እሷ ያለ ስልኩ ከነጭራሹ የለችበትም። ስለዚህ ልጁ ፈረሶቹን ይተውና እዚያ ይጀምር ባይ ነኝ። የሚቀረጸው ማሲንቆ የእኒሁ አዝማሪ ይሁን። የሚከፈላቸውም አንዴ ተቀርጸው ሲወጡ ሳይሆን ሰው ባየ ቁጥር ይሁን። ይህን ስል ልጁ ትንሽ ፊቱ ጠቆረ፤ ሳውንድ አከራዩ ግን ጠረጴዛውን መታ።

መብራቱ እስክንነሣ አልመጣም። አዝማሪው ደጋኑን አነሡ። ልጁ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ፤ ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ። እሳቸውም ወደ እሱ ዞሩና፦

ፊትህን አይቼ ለግጥም ስነሳ፣
ስልክህ ቀድሞ ወጣ ፊትህም ተረሳ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ የነበረኝን ሁለት መቶ ብር አውጥቼ ግንባራቸው ላይ ለጠፍኩ። የቡናው ሂሳብ በዱቤ ተጻፈ።