ሲስተም የለም ሲባል ምን እንሁን?

መርካቶ፣ አንድ የጅምላ ሱቅ ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ገዢው ስልኩን ይነካካና ስክሪኑን ወደ ሻጩ ያዞራል። ሻጩ ስክሪኑን ዞር ብሎም አያየው። ዓይኑ የራሱ ስልክ ላይ ነው። «አልገባልኝም» ይላል። «ኧረ ተቆርጧል፣ ይኸው!» «እስቲ ትንሽ ጠብቅ።» ዕቃው ታስሮ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል። ሻጩ ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ። በተቀናበረ ስክሪንሾትና በሐሰት መልእክት ዕቃው የተወሰደበት ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

ይህን ያነሳሁት የሞባይል ክፍያን ላጣጥል ብዬ አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ሲጀመር ብዙዎቻችን የካርድ መሙያ ነገር መስሎን ነበር። ዛሬ የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ፣ የሠርግ መዋጮ ሁሉ በስልክ ይሄዳል። ነሐሴ 2015 ላይ ኤምፔሳ ተከተለ። ባንኮቹም የየራሳቸው መተግበሪያ አላቸው። ጥሬ ብር ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ መጋፋት የቀረለት ሰው ምስጋናው ከልብ ነው። ታክሲ ላይ ግን አሁንም «ዝርዝር ያላችሁ!» እንደተባለ ነው።

መታወቂያው ላይ ደግሞ ከዚህም በላይ ላመሰግን ነው። በድሮው አሠራር ከክፍለ ሀገር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ አምጪ ትባላለች። መሸኛው የትውልድ ቀበሌዋ ነው። ለመሄድ ፈቃድና የመንገድ ገንዘብ ያስፈልጋል። መታወቂያ ከሌላት ደግሞ ባንክ ደብተር አይከፍትላትም፤ ደመወዟ አሠሪዋ ዘንድ ይቀመጣል። ፋይዳ የተባለው አዲሱ የዲጂታል መታወቂያ ይህን ቋጠሮ መፍታት ጀምሯል። ምዝገባው ነፃ ነው። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል፣ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ድንጋይ ሲሸከም አሻራው የተፋቀ የቀን ሠራተኛ በዓይኑ ይታወቃል። የቀበሌው መታወቂያ ላይ ይጻፍ የነበረው ብሔር እዚህ የለም። ሃይማኖትም አይጠየቅም። በመታወቂያው ምክንያት ኬላ ላይ ሲንቀጠቀጥ የኖረ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል።

ታዲያ ቅሬታዬ የቱ ጋ ነው? «ትችላለህ» የተባለው ነገር ቀስ በቀስ «አለበለዚያ አይሆንም» እየሆነ መምጣቱ ላይ ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ በክልሎች፣ ነዳጅ በጥሬ ብር መግዛት ቀረ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ። ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግድ ሆነ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ሰውየው በሙሉ ስልኩ ውስጥ ገብቷል።

ስልኩ ሲሰረቅ ምን እንደሚከተል እንይ። ሲም ካርዱን ለማስመለስ መታወቂያ አምጣ ይባላል። መታወቂያው ያለው በተሰረቀው ስልክ ውስጥ ነው። የፋይዳውን ቁጥር እንዳይፈልግ የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው በጠፋው ሲም ነው። ገንዘቡም እዚያው ነው። ቤት የሚገባበት የታክሲ እንኳ ከሰው ይለምናል። ስልኩ ከቨር ሥር ለክፉ ቀን 200 ብር የሚያኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሌባው ግን ከቨሩን አውልቆ አይሄድም።

ስልኩ ባይሰረቅም መስመሩ ይጠፋል። መጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም በተዛባበት ሌሊት ሰዎች የሌላቸውን ብር ሲያወጡ አደሩ፣ ባንኩም ለሰዓታት አገልግሎት አቋረጠ። ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ሁለት ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ባንክም ስልክም አልነበረም። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። አጭር ቁጥር ደውሎ መክፈል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርኩ ራሱ ሲጠፋ ግን እሱም የለም። እንዲህ ባለ አገር ጥሬ ብርን ኋላ ቀርነት ብሎ መሳለቅ ድፍረት ይመስለኛል።

እናቶቻችንንም አንርሳ። ጉሊት ቸርቻሪዋ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዘችው። ፒኗን የሚያውቀው የሱቁ ልጅ ነው፤ የሚልክላት እሱ፣ ቀሪ ሒሳቧን የሚያነብላት እሱ። ልጁ ጨዋ ከሆነ ተመስገን። ካልሆነስ? ለማን ትከሳለች?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማደያም ሆነ ሆስፒታል፣ ኔትወርክ በጠፋ ሰዓት ጥሬ ብር እንዲቀበል ደንብ ውስጥ ይጻፍ። ፋይዳን አሳትሞ በካርድ መያዝ ይቻላል፤ የታተመው ካርድ በየመሥሪያ ቤቱ «ስልክህ ላይ አሳየኝ» ሳይባል ይሥራ። ስልኩ የጠፋበት ሰው ደግሞ አሻራውን ሰጥቶ፣ ያለ ኮድና ያለ ምስክር፣ በዚያው ቀን ሲሙን የሚመልስበት አንድ መስኮት ይከፈትለት። የተመዘገብነው ሁሉ አሻራ እኮ ፋይዳ ዘንድ ነው ያለው።