የተወካያችን ድምጽ በምን ይመዘን? ክርክር ከጅማ

የክርክሩ መነሻ፦ «የጅማ መራጭ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የወከለውን ሰው መመዘን ያለበት በየፖሊሲ ዘርፉ በሰጠው ድምጽ ነው» የሚል ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት የሒሳብ ኦዲተር ናቸው። የምትቃወመው ደግሞ ረቂቅ ሕጎችን በማጥናት ላይ የምትሠራ የሕግ ባለሙያ ናት።

ኦዲተሩ፦

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 5 አባሉ በምክር ቤት በሰጠው ድምጽ እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። ይህ ጥበቃ ግን ከፍርድ ቤት ነው፤ ከመራጩ ጥያቄ አያድነውም። ንዑስ አንቀጽ 7 መራጩ አመኔታ ያጣበት አባል ከወንበሩ ሊነሣ እንደሚችል ደንግጓልና። አመኔታ መስጠትም ሆነ መንሣት በወሬ እንዳይሆን መዝገብ ያስፈልጋል፤ ከመዝገቦች ሁሉ የማይስተባበለው ደግሞ ድምጽ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ በምክር ቤቱ ዘመን የጸደቁትን አዋጆች ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በቁጥራቸው መልቀም፤ ቀጥሎ በዘርፍ መለየት፦ በጀትና ግብር፣ ግብርናና ቡና፣ ባንክና ንግድ፣ ጸጥታና መብት። የብድር ስምምነት ማጽደቂያ አዋጆች ግን ለብቻቸው ይቀመጡ። በየዓመቱ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ያለ ብዙ ሙግት ያልፋሉ። ከሌሎቹ ጋር ከተደመሩ የማንም አባል «ደገፈ» የሚለው ቁጥር ያብጥና በግብር ወይም በቡና ሕግ ላይ የያዘው አቋም ከዓይን ይሰወራል። ይህን ሳይለዩ የሚሠሩ ሠንጠረዦች ሁሉንም አባል አንድ ዓይነት ያስመስላሉ፤ ከዚያ በኋላ «ይኸው ሠንጠረዥ አይረባም» ይባላል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ አዋጅ አራት ዓምድ ይዘጋጃል፦ ደገፈ፣ ተቃወመ፣ ድምጸ ተአቅቦ አደረገ፣ አልተገኘም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማቀላቀል ትልቅ ጥፋት ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው፤ ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ነው፤ ማለትም 274 ሰው። በተራ ሕግ ላይ ልክ 274 ሰው ተገኝቶ ሁሉም ድምጽ ቢሰጥ 138 እጅ ሕጉን ያሳልፈዋል። እዚህ ላይ የቀረ ሰው ለሌሎች ሜዳውን ለቀቀ ማለት ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ አንቀጽ 93 ሁለት ሦስተኛ ድምጽ ይጠይቃል። የካቲት 23 ቀን 2010 በነበረው ድምጽ አሰጣጥ በአዳራሹ የተገኙትም ያልተገኙትም ተደምረው የምክር ቤቱ አባላት 539 ነበሩ፤ የሚያስፈልገውም 360 ድጋፍ። መጀመሪያ የተነገረው 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምጸ ተአቅቦ ነበር፤ በኋላ ድጋፉ 395 ተብሎ ታረመ። ስሌቱ ከጠቅላላው አባላት ሲሆን የቀረ ሰው ከተቃወመው ጋር እኩል ይመዝናል። እንግዲህ «አልተገኘም» የሚለው ቃል በአንዱ አዋጅ ላይ ድጋፍን፣ በሌላው ላይ ተቃውሞን ይረዳል። ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በእጁ ያለው የጅማ መራጭ በዓመት አንድ ጊዜ በስብሰባ አዳራሽ ከሚሰማው ንግግር ይልቅ ተወካዩን በደንብ ያውቀዋል።

የሕግ ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ የ2010ሩን ድምጽ በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ የእኔም ክርክር የሚነሣው ከዚያው ነው። ድምጹ የተሰጠው እጅ በማውጣት ነው። በመጀመሪያውና በታረመው ቁጥር መካከል የ49 ሰው ልዩነት አለ። ድምሩ በ49 ከተዛነፈ የአንዱን ተወካይ እጅ ከየት ያገኙታል? የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሲጸድቅ 23 ተቃውሞና 2 ድምጸ ተአቅቦ ተነገረ። 23ቱ እነማን ናቸው? ከጅማ ዞን የተመረጠ ሰው አለባቸው ወይ? ከተነገረው ድምር ይህ አይወጣም። እርስዎ ያዘጋጁት አራት ዓምድ ጥሩ ነው፤ የሚሞላው ግን በግምት ይሆናል። ግምቱም አንድ ዓይነት ነው፦ «የገዢው ፓርቲ አባል ነው፤ ስለዚህ ደግፏል»። ይህን ለመጻፍ ሠንጠረዥ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ረቂቅ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፤ በመጀመሪያ ንባብ ለዝርዝር እይታ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ከአስፈጻሚው መሥሪያ ቤትና ከባለ ድርሻ አካላት ጋር ይወያያል፣ ይፋዊ መድረክ ይጠራል፣ አንቀጽ ይጨምራል ይቀንሳል፤ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ለሁለተኛ ንባብ ይመለሳል። እጅ የሚወጣው እዚህ መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚቀየረው ነገር ጥቂት ነው። ተወካይን በመጨረሻው እጅ ብቻ መመዘን ቡናን ሳይቀምሱ ጆንያውን ብቻ አይቶ ደረጃ እንደ መስጠት ነው።

ቡናን ካነሣሁ በእርሱ ልቀጥል፤ በማና፣ በጎማ፣ በሊሙ፣ በጌራና በሰቃ ጮቆርሳ ያለውን ቤተሰብ በቀጥታ የሚነካው ሕግ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነውና። ከዚያ በፊት ቡናው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲያልፍ የተለያየ ወረዳ ምርት በአንድ ደረጃና በአንድ የገበያ ስም ሥር ይሸጥ ስለነበር ገዢው የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንዳመረተው ለማወቅ ይቸገር ነበር። አዋጁ ምንጩ ተለይቶ እንዲሸጥ መንገድ መክፈቱ ጥሩ ነው። ያው አዋጅ ግን ስለ ፈቃድ፣ ስለ ክምችት፣ ስለ ማጓጓዝና ስለ ቅጣትም ይደነግጋል። የምንጭ መለያውን የሚወድና የክምችቱን ገደብ ለእሸት ቡና ገዢውና ለጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሰብሳቢው ከባድ ነው ብሎ የሚያምን ተወካይ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። ሠንጠረዥዎ «ደገፈ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ማወቅ የምፈልገው የግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አዋጁን ሲመረምር ስለ ክምችቱ አንቀጽ ምን አለ የሚለውን ነው።

ኦዲተሩ፦

እኅቴ፣ ስለ ኮሚቴው ያልሽው እውነት ነው፤ ግን እዚያ የሚደረገው ነገር ከአዳራሹ ይበልጥ ለመራጩ የተሸፈነ ነው። የማይታየውን በማይታየው ልንተካው ነው?

አንድ ዓይነት ድምጽ ብቻ ይሞላዋል ላልሽው መልስ አለኝ። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ባልነበረበት በዚያው ምክር ቤት ነው በየካቲት 2010 ሰማንያ ስምንት እጅ ለተቃውሞ የወጣው። ስለዚህ ከፓርቲው ስም ተነሥቶ ድምጽን መገመት እንደማይቻል ታሪኩ ራሱ መስክሯል። በሙሉ ድምጽ ያለፈ አዋጅ አባልን ከአባል አይለይም፤ ከሚዛኑ ይውጣ። ተቃውሞ ወይም ድምጸ ተአቅቦ የተመዘገበበት አዋጅ ብቻ ይቆጠር። ረድፎቹ ያንሳሉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ግን የሚናገረው አለው።

በጀት ላይም እንዲሁ። የበጀት አዋጅ በመደበኛ ወጪ፣ በካፒታል ወጪ፣ ለክልሎች በሚሰጥ ድጋፍና በዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ይከፈላል፤ ድምጹ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከድምጹ ጎን የአራቱ ክፍሎች ገንዘብ ይጻፍ። ተጨማሪ በጀት ደግሞ የራሱ ረድፍ ይኑረው። የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ፤ በኅዳር ወር ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። ተጨማሪው የዋናውን 60 በመቶ ያህላል። በሰኔ የደገፈውን በኅዳርም ደግፎ እንደሆነ አለመጠየቅ ግማሹን ሒሳብ መተው ነው።

ስም ስለ ማግኘት፦ የመረጃ ነጻነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመንግሥት አካል የቀረበ የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ያዛል። ጥያቄው ሲጻፍ «ተወካያችን ምን ሠራ» ከተባለ ውድቅ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። የአዋጁ ቁጥር፣ የስብሰባው ቀን፣ የሚፈለገው ሰነድ ይጠቀስ፦ ቃለ ጉባኤና የተገኙ አባላት ዝርዝር። ከዝርዝሩ ቢያንስ «አልተገኘም» የሚለው ዓምድ ያለ ግምት ይሞላል። ለዘለቄታው ደግሞ ምክር ቤቱ የአሠራር ደንቡን የሚያወጣው ራሱ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ከጠየቁ ድምጹ በየስሙ እንዲመዘገብ ያዛል። እንዲህ ያለ ድንጋጌ በእኛ ምክር ቤት ደንብ ውስጥ ለማስገባት ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም።

የሕግ ባለሙያዋ፦

በየስሙ መመዝገቡን አልቃወምም። የምቃወመው መዝገቡ ሲገኝ መራጩ ሌላውን ሁሉ ይተዋል የሚለውን ነው። ስም ዝርዝሩን ከጅማ ሰው በፊት የሚያነበው የፓርቲው ዲሲፕሊን ተቆጣጣሪ ነው። 88ቱ በማግሥቱ በየስማቸው የሚወጡ ቢሆን ኖሮ ስንቶቹ እጃቸውን ያወጡ ነበር? እርስዎ ነጻ ያደርገዋል ያሉት መዝገብ ተወካዩን ይበልጥ ሊያስረው ይችላል። ይህን አደጋ ሳይጽፉ ሠንጠረዡን ብቻ ማቅረብ መራጩን ማሳሳት ነው።

መዝገቡ ሙሉ በሆነበት አገርም ንባቡ ይስታል። በአሜሪካ ሴኔት የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ ራሱ ያቀረበው ሐሳብ እንደሚወድቅ ሲያይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ድምጽ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምጽ የሰጠ ሰው ስለሆነ ነው። ሠንጠረዡ «ተቃወመ» ይላል፤ ሰውየው ግን የሐሳቡ ባለቤት ነው። የሥነ ሥርዓት ድምጽና የይዘት ድምጽ ካልተለዩ እንዲህ ያለ ውጤት ይወጣል።

ደግሞም ጋሼ፣ በጅማ ከተማ ሰው የሚያማርርባቸው ብዙ ነገሮች፣ የከተማ ቦታ፣ የውሃ መስመር፣ የቀበሌ አገልግሎት፣ የፌዴራል ምክር ቤት አባል ድምጽ በቀጥታ አይደርስባቸውም። መሬት በፌዴራል ሕግ መሠረት የሚተዳደረው በክልል ነው፤ እዚያ የሚጠየቀው የክልሉ ምክር ቤት የጨፌ ኦሮሚያ አባልና የከተማው ምክር ቤት ነው። «አገልግሎት» የሚል ዘርፍ በሠንጠረዥዎ ላይ ካከሉ ተወካዩን ባልተሰጠው ሥልጣን ይከሱታል። ከጅማ በአጋሮ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ግን የፌዴራል ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም በፌዴራል በጀት ይተዳደራል። ለእነዚህ መለኪያው አንቀጽ 55 ላይ አለ፤ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። ተወካዩ በዚያ ሪፖርት ላይ በቁጥር የተደገፈ ጥያቄ ጠየቀ ወይስ አጨብጭቦ ወጣ? ይህ በቴሌቪዥን ይታያል፣ ስሙም ሲጠራ ይሰማል። የእጁ ድምጽ ያላገኘውን ማስረጃ የአፉ ጥያቄ አግኝቷል።

ኦዲተሩ፦

የዲሲፕሊኑን አደጋ እቀበላለሁ፤ መድኃኒቱ ግን ከመራጩ መሸሸግ አይደለም። ፓርቲው የማን እጅ እንደወጣ በዚያው አዳራሽ በገዛ ዓይኑ ያያል፤ የማያውቀው ጅማ ያለው መራጭ ብቻ ነው። የሥነ ሥርዓት ድምጽ ከይዘት ድምጽ ይለይ ያልሽውን፣ የክልል ሥልጣን ይውጣ ያልሽውንም በሠንጠረዡ ላይ አስገባለሁ። አምስተኛ ዓምድም ይጨመር፦ «አልታወቀም»። ስም ያልተገኘበት አዋጅ ሁሉ እዚያ ይግባ፤ በፓርቲ ስም ተገምቶ አንድም ቦታ አይሞላ። የጥያቄ መዝገብ ከኋላ ይያያዝ፤ ጥያቄ ብቻ ከተመዘነ ግን በደንብ ጠይቆ ሁልጊዜ የሚደግፍ ሰው ከፍተኛ ውጤት ያገኛል።

የሕግ ባለሙያዋ፦

አምስተኛውን ዓምድ እደግፋለሁ። ዛሬ ባለው አሠራር ግን ከአምስቱ ዓምዶች በብዛት የሚሞላው እርሱ ነው፤ መራጩ ወረቀቱን ገልጦ «አልታወቀም» የሚል ረድፍ በረድፍ ላይ ካገኘ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ። በመጀመሪያው ገጽ ተወካዩ የየትኛው ቋሚ ኮሚቴ አባል እንደሆነና ያ ኮሚቴ የመረመራቸው አዋጆች ይዘርዘሩ፤ በረቂቁና በጸደቀው መካከል የተቀየሩ አንቀጾች ጎን ለጎን ይታተሙ፤ ቀጥሎ ለሚኒስትሮች ያቀረባቸው ጥያቄዎች ከነቀናቸው። የድምጹ ሠንጠረዥ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እርስዎ ጥያቄው ከኋላ ይያያዝ ብለዋል፤ እኔ ከፊት ይሁን እላለሁ፤ በዚህ አልተስማማንም። የ590/2000 ደብዳቤ ሲጻፍም ከቃለ ጉባኤው ጋር የኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይጠየቅ፤ የአዋጅ 1051/2009 የኮሚቴ ሪፖርት የመጀመሪያው ይሁን።