«አስር ብር ናት» አትበሉኝ

ዛሬ የስፖርት ውርርድ (ቤቲንግ) ቤት ያየሁት አልዋጥልህ ብሎኛል። ሊስትሮው ትኬቱን በሁለት እጁ ይዞ «እህቴ፣ ከአስሩ ጨዋታ ዘጠኙ ገብቷል፣ አንዷ ብቻ ናት ያበላሸችብኝ፤ ምንም የለውም?» ይላታል። ካሸሯ ቀና እንኳ ሳትል «ተቃጥሏል አልኩህ! ማንበብ አትችልም? ካልቆረጥክ ዞር በል፣ ሰው አታስቁም!» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ከቀለም ሳጥኑ ሥር ሌላ አስር ብር አወጣና ደግሞ ቆረጠ!

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ለሆነ ጨዋታ ኦቨር 2.5 (ሦስት ጎልና ከዚያ በላይ ይገባል) በ1.85፣ አንደር 2.5ም (ሁለት ጎልና ከዚያ በታች) በ1.85 ይሰጣሉ። ሐቀኛው ኦድ (ከገባ ብርህ የሚባዛበት ቁጥር) 2.00 ነበር። ስለዚህ ከመቶ ብር 7.50 የቤቱ ነው። ሁሉም ካልገባ በሚቃጠል አንድ ትኬት ላይ አስር ጨዋታ ስትደረድር ግን ይቺ ቅነሳ አስር ጊዜ ትደጋገማለች። አስሩም የመግባት ዕድላቸው 1 በ1,024 ነው፤ አስር ብር 10,240 ማምጣት ነበረባት። 1.85ን አስር ጊዜ አባዙት፤ የሚከፍሉት 4,696 ብር ነው። «10 በመቶ ቦነስ» ቢጨምሩበት እንኳ ግማሹ አካባቢ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ሲወጣ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ፤ በፊት የተቃጠለው ትኬት ሁሉ አይቀነስለትም።

የሚያበግነኝ ይሄ ነው፦ ባለ ገንዘቡ 5,000 ብር በአንድ ጨዋታ አስይዞ ከመቶው 7.50 ይወሰድበታል። ሊስትሮው ግን በአስር ብር ኑሮ የሚቀይር ገንዘብ የሚያገኘው ደርድሮ ብቻ ስለሆነ፣ ገና ግብሩ ሳይነካው ከመቶው 54 ይበሉታል። በድህነቱ ሰባት እጥፍ ያስከፍሉታል!

ባለፈው ደግሞ አንዱ «ሥራ ፈጥሯል፣ ግብር ይገባል» ብሎ ሲሟገተኝ ነበር። የማን ብር ነው ግብር የሆነው? የወያላው፣ የቀን ሠራተኛው! ዕቁብ ቢጥለው እኮ ተራው ሲደርስ ሙሉውን ያነሳው ነበር። ይሄኛው ከታክሲ ተራው፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተለቅሞ ሰፈሩን ላያይ ይሄዳል። ቤቱ ሲታሸግ ስልኩ ላይ ይከፈታል፤ እዚያማ ሰልፍ የለ፣ መዝጊያ ሰዓት የለ። ማን ያስቆመዋል? ደከመኝ።

ቢያንስ «1 በ1,024» የሚለውን ከክፍያው መጠን ጎን እኩል አድርጋችሁ ትኬቱ ላይ አትሙለት። ያችን ቁጥር ማተም ምን ያስፈራል?