የማርቆስ የምርጫ ሊቃውንት ይክበሩልን

የምርጫ ሥርዓት ሊቅ የቸገረው ካለ ደብረ ማርቆስ ይምጣ፤ ጠጅ ቤት ጎራ ይበል። እዚህ አንድ ብርሌ ሳያልቅ፣ የፓርላማ ወንበር አብላጫ ድምፅ ላገኘ ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ይሰረዛል። ሁለተኛው ሳይቀዳ አዲሱ ይጸድቃል። (የጠፋው ሒሳብ ከፋይ ነው እንጂ ሊቅስ ሞልቷል።)

የእኛ ሰው ቅኔ ዐዋቂ ነው፤ በአንድ አፍ ሁለት ነገር መናገር አይከብደውም። ሰሞኑን አንድ ጋሼ፣ «ኦሮሚያ ተበትኖ የሚኖረው ወገናችን ድምፁ ሜዳ ቀረ» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘ እጩ ወንበሩን ጠቅልሎ ይወስዳል። እጩው ከበዛ በ30 በመቶ ማለፍ ይቻላል፤ የ70ው በመቶ ድምፅ ለወጉ ይቆጠራል። ተሰባስቦ የሚኖር ብሔር ወንበር አያጣም። ተበትኖ የሚኖረው ግን ቢበዛም ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ተመጣጣኝ ውክልና! በድምፅ ልክ ወንበር! ጭብጨባው ቀለጠ።

አንዱ ነገረኛ፣ «ጋሼ፣ ለክልላችን ምክር ቤትስ? ከአዊ ዞን ውጭ ተበትኖ ለሚኖረው አገውም እንዲሁ ይሁን?» አላቸው።

ጋሼ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። «እሱማ አገር ይበትናል።»

እሰይ! ተመጣጣኝ ውክልና ዓባይን ሲሻገር መድኃኒት፣ ወዲህ ሲመለስ መርዝ። እንዲህ ያለ ብልኀት የትኛው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል?

ፓርቲዎቻችንም ቢሆኑ አይታሙም። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ሲጠርግ፣ ለደጋፊው ሥርዓቱ የሕዝብ ድምፅ ነበር። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ሲወስዱ ያው ሥርዓት ጉደኛ ሆነ። (ችግሩ ሥርዓቱ ብቻ ነበር አላልኩም።) በ2009 ፕሬዚዳንቱ ፓርላማውን ሲከፍቱ የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል ቃል ተገባ። በ2013 በዚያው በአሮጌው ተመረጠ። ብልጽግና መጀመሪያ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። ያሸነፈ መቼም አሮጌ ነገር ይወዳል።

ለማንኛውም የጠጅ ቤታችን ረቂቅ ዝግጁ ነው፦ «ስናሸንፍ አብላጫ፣ ስንሸነፍ ተመጣጣኝ።» በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል። ነገረኛው ድምፁ እንዲመዘገብለት ቢለምንም ሰሚ አላገኘም።