ጭንቀት ለድሬዳዋ ቅንጦት ነው ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን በከተማችን በተካሄደ የጤና ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ በጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና ባለሙያ የመቅጠሩ ዕቅድ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን ሲያስረዱ፣ «የደንጊ ትንኝ ተጨንቃችኋል ወይ ብላ አትነድፍም፤ ጭንቀት የሀብታም አገር በሽታ ነው» ብለው አዳራሹን አሳቁት። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ትንኟ እንደማትጠይቅ ለማወቅ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም ነበር። ዋናው ነገር ከተነደፍን በኋላ ሰውነታችን ምን ያህል ይመክታል የሚለው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጥናት ኃላፊው የቀለዱበትን ጉዳይ በቁም ነገር ፈትኖታል። 394 ጤነኛ ሰዎች አስቀድመው ስለ ጭንቀታቸው ከተጠየቁ በኋላ፣ የተጨነቀውም ያልተጨነቀውም ሳይለይ ቫይረስ ያለበት ጠብታ በአፍንጫቸው ተጨመረላቸው። ጭንቀት ከበዛባቸው 47 በመቶ ያህሉ ጉንፋን ሲይዛቸው፣ ጭንቀታቸው አነስተኛ ከነበረው የታመሙት 27 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ልዩነቱንም በሲጋራ፣ በአመጋገብ ወይም በእንቅልፍ ማሳበብ አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የመርሳት ሕመም ያለበትን ዘመዳቸውን በሚያስታምሙ ሴቶች ክንድ ላይ ለጥናቱ የተደረገች ትንሽ ቁስል፣ ማስታመም ከሌለባቸው እኩዮቻቸው በአማካይ 9 ቀናት ዘግይታ ዳነች። ጭንቀት ሲራዘም ኮርቲሶልን የመሳሰሉ ሆርሞኖች ሥርዓታቸውን ስለሚስቱ፣ ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸውን እንደሚገባ አይሠሩም። ማስታመም የሀብታም አገር ሥራ ነው እንዴ? ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ታማሚ ባለበት ቤት ሁሉ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታነጋ ሴት አለች።

ጉንፋን ደንጊ አይደለም የሚሉኝ አይጠፉም። ደንጊ ሲመጣ የተጨነቀ ሰውነት በምን ተአምር እንደሚበረታ ግን እነሱ ያስረዱኝ። ደግሞስ ቧንቧው ሲደርቅ ውኃ መቼ ይመጣ ይሆን እያለች እንቅልፍ የምታጣው እናት፣ ትንኟ የምትራባበትን በርሜል ለመሙላት የምትገደደው እሷው አይደለችም? ጭንቀቱና ትንኟ ከአንድ ግቢ ሳይወጡ፣ አንዱን ለሌላው ሲባል መተው ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

በርሜል መክደኑና ትንኝ ማጥፋቱ ይቅር ያለ የለም። «ለሌላ ጊዜ» የተባለው ቅጥር ለየትኛው የበጀት ዓመት እንደሆነ ግን፣ ኃላፊው ሐምሌ 1 ሳይገባ በዚያው አዳራሽ ይንገሩን።